«12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ/ች»

በ1988 ዓ.ም. ደሴ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንማር አማካሪያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍልማ ነበረን። ውስጡ ግን እግሩ የተሰበረ ዴስክና አሮጌ መጽሐፍ ታጭቆበት፣ ቁልፉ ዕቃ ግምጃ ቤት ይቀመጥ ነበር። አማካሪ ተብለው የተመደቡት የጂኦግራፊ መምህራችን ሙሉ ፕሮግራም ስለሚያስተምሩ፣ ምክራቸውን የሚሰጡን ኮሪደር ላይ የእጃቸውን ጠመኔ እያራገፉ ነው።

ምክሩ አጭር ነው። ወንድ ልጅ ሒሳብ ከቻለ ኢንጂነሪንግ፣ ካልቻለ ሕግ። ሴት ልጅ ምንም ብትችል «መምህርነት ያምርባታል»። በፊዚክስ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ጓደኛ ነበረችኝ። አንድ ቀን ስለ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ብትጠይቃቸው የአባቷን ስም ጠርተው «እሱ ይሰድሻል?» አሏት። አባቷን ያውቁታል፤ ሰኞ ገበያ ላይ ከእሱ ሱቅ ነው የሚገዙት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም አዝነውላት ነው። የዚያን ጊዜ ምክር እንዲህ ነበር፤ ቤትሽን ስለሚያውቅ፣ የት ድረስ እንደምትሄጂ ካንቺ ቀድሞ ወስኖ ይጠብቅሻል። ጓደኛዬ የመምህራን ማሠልጠኛው ቲቲአይ ገባች። እስከ ዛሬ ታስተምራለች፤ ፊዚክስ ግን አይደለም።

ለዛሬ ልጆች ማትሪክ፣ ያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና፣ ምን እንደነበር ማስረዳት ይቸግራል። ውጤቱ በፊደል ይመጣና ወደ ነጥብ ይመነዘራል። «ፎር ፖይንት» ያመጣ ልጅ ስሙ ከጦሳ ተራራ ማዶ ይሰማል። ሁለት ነጥብ ያመጣም አለፈ ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው መቁረጫ ነጥብ ግን ሌላ ነው፤ በየዓመቱ ባለው ቦታ ልክ ይወጣል። ቦታው ደግሞ ጠባብ ነው። ያኔ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ሲሆኑ የቀሩት ኮሌጆች ነበሩ። ስለዚህ የአብዛኛው ተማሪ ዕጣ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ መምህሩም፣ ወላጁም፣ ተማሪውም ያውቀዋል።

ሰሌዳው የሚፈለገውም ለዚህ ነው። የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ የነበሩ አንድ ጋሼ፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ/ች» የሚል ነገር ባዩ ቁጥር በራሳቸው ጽሕፈት ገልብጠው ይለጥፉልን ነበር። ቲቲአይ፣ የነርሶች ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ፣ ቴሌ፣ መብራት ኃይል፣ አየር መንገድ፤ የሚጠየቀው ነጥብ ስንት እንደሆነ፣ ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ፣ ስንት ፎቶግራፍ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ይጽፋሉ። የኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ሲቀጥር ከጋዜጣው ቀድመው የሚሰሙትም እሳቸው ናቸው። አማካሪ የሚላቸው አልነበረም፤ ደመወዛቸውም የአማካሪ አልነበረም። የሚኒስትሪ ካርዳችን ላይ ያለው ስምና የማትሪክ ፎርሙ ላይ የሞላነው ስም እንዳይለያይ አንድ በአንድ የሚያመሳክሩት ግን እሳቸው ነበሩ። ነጥብ ያልመጣለት ሲያለቅስ ካዩ «አብሽር፣ እንጀራ የሚጋገረው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው እንዴ?» ይሉና በጣታቸው ወደ ሰሌዳው ያሳዩታል። ስንቱ የደሴ ልጅ ነርስ የሆነው በዚያች ጣት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት ብሔራዊ ፈተናው ወደ አሥረኛ ክፍል ወረደ፤ ልጆች ገና በአሥራ ስድስት ዓመታቸው መሰናዶና ቴክኒክና ሙያ ተብለው ተለዩ። ቀጥሎ ሰባ ሠላሳ መጣና ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ከመቶ ሰባው እጅ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ይግባ ተባለ፤ ያን ጊዜ ምክር የሚሰጠው ኮታው ነበር ማለት ይቻላል። የአሥረኛው ፈተናም ቀረ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከአርባ በላይ ሆኑ።

አሁን ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የእሱ ትምህርት ቤት የምክር ክፍል ምንጣፍና አበባ አለው፤ አማካሪውም ሳይኮሎጂ የተማረ፣ ትሑት ወጣት ነው። የዝንባሌ መጠይቅ አስሞልቷቸው ልጄ «የመሪነት ዝንባሌ አለው» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ደስ ብሎኝ ለጎረቤቴ ባሳያት የእሷም ልጅ መሪ ሆኗል። በኋላ ስንጠያየቅ የክፍሉ ልጅ ሁሉ መሪ ነው፤ ተመሪው ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይኸው አማካሪ በፕሮጀክተር ሁሉንም አሳየን። ፈተናውን ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ እንደሚወስዱ፣ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል እንደሆነ፣ ከ600 ቢያንስ 300 ማምጣት እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው የቴሌግራም ቻናል ጥሩ ጥያቄ እንደሚለቅ ነገረን። ከዚያ ሕክምና፣ ሶፍትዌር፣ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ አለ። በዚያ ሁሉ ስላይድ መካከል የጠበቅኩት አንድ ነገር ግን አልመጣም።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በገባበት የመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከ674 ሺህ በላይ ተፈትነው 5.4 በመቶ ሆኑ። ኩረጃው መቆሙን እደግፋለሁ። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ፈተናው ሲሰረዝ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረው ልጅ የተቀጣውን ቅጣት አይቻለሁ። ግን ከመቶ ዘጠና ምናምኑ ወዴት ይሂድ? ላላለፉት የተዘጋጀው የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሜዲያል፣ የተወሰነውን ይቀበላል፤ የቀረውስ? ያ የደሴ ሰሌዳ ሴትን ልጅ ፊዚክስ አይመክርም ነበር፣ ዓለሙም ጠባብ ነበር። ላላለፈው ልጅ ግን የሚሄድበትን ስምና ቀን ጽፎ ያቆይለት ነበር።

እጄን አወጣሁና «ሦስት መቶ ያላመጣ ልጅ የት የት መመዝገብ እንደሚችል የሚያሳይ ዝርዝር አላችሁ?» አልኩት። አዳራሹ ዞር ዞር ብሎ አየኝ፤ ሰርግ ላይ ስለ ፍቺ የጠየቅኩ መሰለ። አማካሪው ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ ዛሬ ልጆቻችንን ተስፋ አናስቆርጣቸው፤ እሱን ውጤት ሲመጣ ግሩፑ ላይ እንለጥፋለን» አለ። ተጨበጨበለት።

ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ጋር አንድ አባት ተከተለኝ። ልጁ ከልጄ ጋር ነው የሚማረው። የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ምዝገባ መቼ እንደሚጀምር፣ ስንት ነጥብ እንደሚጠይቁ ጠየቀኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኩት፤ ስልኩ ላይ ጻፈው።

«ለወንድሜ ልጅ ነው» አለኝ።