ከበረካ በፊት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መሰናበት ነው። የባለታሪኳ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።

ቡታጅራ ውስጥ የሥነ ልቦና ምክር እሰጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከገጠር መጡ። ልጃቸው በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ቀርቷል፤ አስከሬኑ ስላልተገኘ ለቅሶውም በወጉ አልተለቀሰም። እንቅልፍ አጥተዋል፤ ገበያ መውጣት ትተዋል። የምንከተለው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን አጭር የምክክር ዘዴ ነበር፦ በሳምንት አንዴ፣ አምስት ቀጠሮ። አምስተኛው ቀን የተማሩትን ይዞ ወደፊት እንዴት እንደሚኖር የሚነጋገሩበት ነው።

በአምስተኛው ቀን እማማ እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀምሯል። ለጎረቤት ለቅሶም ቆጮ ይዘው ሄደዋል። እኔ ግን “በሚቀጥለውም ሳምንት ይምጡ” አልኳቸው። ስድስተኛ፣ ሰባተኛ እያልን ዘጠነኛው ላይ ደረስን።

እማማ ሲወጡ ሁልጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኛል። እናቴን የቀበርኩት እሳቸው ከመምጣታቸው ሁለት ወር ቀድሞ ነበር። ሥራዬን የሚከታተልልኝ ታላቅ ባልደረባዬ ማስታወሻዬን አንብቦ “አሥረኛው ቀጠሮ የሚያስፈልገው ለማን ነው?” ሲለኝ ተቆጣሁ። ማታ ለጸሎት ስንበረከክ ግን እውነቱ ወለል ብሎ ታየኝ። የፈለግሁት ምርቃቱን ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ወልቂጤ ተማሪ ሳለሁ እኔም ወደ አንዲት አማካሪ ለወራት ተመላልሻለሁ። አንድ ማክሰኞ ስሄድ በሩ ተቆልፏል፤ “ተዛውራለች” ተባልኩ። አንድ ቃል እንኳ አልነገረችኝም። ሰልችቻት ይሆናል ብዬ ለሁለት ዓመት ያህል ለማንም ልቤን አልከፈትኩም። ዛሬ ሳስበው መሰናበቱ የከበዳት እሷ ትመስለኛለች። እሷ ሳትሰናበት ሄደች፤ እኔ ደግሞ አላሰናብትም አልኩ። ከአንድ ፍርሃት የወጣ ነው።

ለእማማ “ሁለት ቀጠሮ ቀርቶናል” ስላቸው ዝም አሉ። ቆይተው “ሰለቸሁሽ እንዴ ልጄ?” አሉኝ። ወልቂጤ የተቆለፈው በር ፊቴ ድቅን አለ። “አልሰለቹኝም እማማ፣ ስለበረቱ ነው። እኔም መለየቱ ከብዶኝ ነው ያቆየሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። ያን ዕለት ስለ ልጃቸው ከእስከዛሬው ሁሉ የበለጠ አወሩ። ያ ልጅ ሳይሰናበት ነበር በሌሊት የወጣው። እሳቸው በሰዓቱ ቢያውቁ ምን ይሉት እንደነበር አንድ በአንድ ነገሩኝ። ያንን ንግግር ዘጠኝ ቀጠሮ አላመጣውም፤ ያመጣው ማብቂያው ነው።

ከዚያ ወዲህ የሐዋርያት ሥራ 20ን ሳነብ ዓይኔ እዚያ ላይ ይቀራል። ጳውሎስ በሚሊጢን የኤፌሶንን ሽማግሌዎች አስጠርቶ ዳግመኛ ፊቱን እንደማያዩ በግልጽ ይነግራቸዋል። ለእግዚአብሔርና ለጸጋው ቃል አደራ ይሰጣቸዋል። አብረው ተንበርክከው ይጸልያሉ፤ አንገቱን አቅፈው ያለቅሳሉ፤ እስከ መርከቡም ይሸኙታል። በዮሐንስ 16ም ጌታ መሄዱ ለደቀ መዛሙርቱ እንደሚሻላቸው አስቀድሞ ይነግራቸዋል። እኛ አገልጋዮች (በቤተ ክርስቲያን የምናማክረውንም ጨምሬ ነው) ሰው ሁልጊዜ ሲፈልገን ደስ ይለናል። “ያለ አንተ ጸሎት አይሆንልኝም” የሚል ሰው ሲኖረን ማገልገላችንን የምናረጋግጥበት ይመስለናል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ምክር አበቃ ማለት መድኃኒት አበቃ ማለት አይደለም። እዚሁ ቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የአእምሮ ጤና ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ፣ ከባድ ሕመም የተገኘባቸውን ለዓመታት ተከታትሏል፤ እንዲህ ያለው ሕመም ረጅም ክትትል ይፈልጋልና። እባካችሁ ወገኖቼ፣ ማንንም “ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን ጣል” አትበሉ።

በመጨረሻው ቀን እማማ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው፣ አይብም ጨምረው መጡ። ስጦታ መቀበል በሙያችን ያከራክራል፤ እኔም አመነታሁ። “በእኛ ቤት ከበረካ በፊት እንግዳ አይነሣም። አቦሉንም ቶናውንም አብረን ጠጥተናል” አሉኝ። ቡና አስፈላሁ፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን በላን። የእሳቸው እምነትና የእኔ ይለያያል፤ ምርቃታቸውን ግን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ከተማችን ጠባብ ናትና መንገድ ላይ ስንገናኝ ምን እንደምናደርግም ተነጋገርን። እሳቸው ካልቀደሙ እኔ ሰላም ላልል፣ ከየት እንደምንተዋወቅም ለማንም ላልናገር ተስማማን።

ከአራት ወር በኋላ ገበያ ውስጥ አየኋቸው። በርበሬ ሻጭ ፊት ቆመው በዋጋ ይከራከራሉ። አዩኝና በራሳቸው ሰላም አሉኝ፤ ወዲያው ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆሜ ድምፃቸውን ሰማሁ። ከዚያ ሽንኩርቴን ገዝቼ ባጃጅ ተሳፈርኩ።