የስሜን መንገደኞች ልብስ

ከጎንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ ሰው፣ የስሜንን ገደል ከማየቱ አስቀድሞ ብርዱን ይቀምሳል። በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ወደዚያ በወጣን ጊዜ፣ ከጭላዳው መንጋ ይልቅ ዓይኔን የሳበው በቀጭኑ መንገድ ላይ የተገናኘው ልዩ ልዩ ልብስ ነበረ።

ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ የውጭ አገር ተጓዦች ብርቱካንማ፣ ቀይና ሰማያዊ ጃኬት ለብሰው ተሰልፈው ይሄዳሉ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ድምቀት ለጌጥ ብቻ አይምሰልህ፤ በጉም ውስጥ የጠፋውን ሰው ከሩቅ ለመለየት ይረዳል። ይሁን እንጂ ጌጥነቱም አልቀረም። አንዲት እመቤት የቆቧን ቀለም ከጫማዋ ማሰሪያ ጋር አስማምታ ነበር፤ በዚያ ከፍታ ላይ ይህን ማሰቧ አስደነቀኝ እንጂ አልነቀፍኋትም።

ልብስ ቀድሞ የሚያስቅ፣ ኋላ የሚያስቀና ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1922 ኤቨረስትን ሊወጡ ከሄዱት አንዱ ጆርጅ ፊንች፣ ከአየር ፊኛ ጨርቅ የተሰፋና በዳክዬ ለስላሳ ላባ የተሞላ ካፖርት ቢለብስ ባልንጀሮቹ ሣቁበት፤ ብርዱ በጠና ጊዜ ግን እንደ እርሱ በኖረን ብለው ተመኙ። የዛሬው የተራራ ወጪዎች ጃኬት የዚያ ካፖርት ዘመድ ነው።

ጠመንጃውን በትከሻው አጋድሞ የሚከተለን ጠባቂ ጋቢ ደርቦ በኮንጎ ጫማ ይራመድ ነበር። ጋቢም የራሱ ንግግር አለው፤ በታላቅ ሰው ፊት ያደገድጉታል፣ በብርድ ይከናነቡታል። ነገር ግን ጥጥ ከራሰ ሙቀቱን ያጣል። ስለዚህ እረኞቹ የበግ ለምድ ይለብሳሉ፤ የቆሎ ተማሪም ደበሎው ከውርጭ ያድነዋል፣ ማንነቱንም ሳይናገር ያስታውቅለታል።

በቅሎ ጫኛችን ሽማግሌ ነበሩ። መንገድ መሪው ልጃቸው ግን አንድ ተጓዥ የሰጠውን ቀይ ጃኬት ለብሷል።

«ያ ጋቢ ምን በደለህ፣ ልጄ?» አሉት።

«አልበደለኝም፣ አባባ፤ ሲረጥብ ግን ከኔ ይከብዳል» አለ።

ሽማግሌው ዝም አሉ፤ ቅር መሰኘታቸው ግን ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። አምባራስ ስንደርስ ከአንድ ቤት የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ልጁ መንገድ ዳር ቆሞ ጃኬቱን አወለቀና እጁን ወደ አባቱ ዘረጋ። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ጋቢያቸውን ሰጡት፤ እርሳቸውም በቅሎዋን ይዘው፣ ቀዩን ጃኬት በትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እስኪመለስ ጠበቁት።