የሸክላ ምስሎቼና የእናቴ ክፍል

ሰው በቤቱ ያከማቸው ዕቃ መብዛቱን የሚያውቀው ለሌላ ሰው ቦታ ሲያጣ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ባለፈው ዓመት ከመስቀል በዓል በኋላ ነው። በገጠር ብቻዋን ትኖር የነበረችው እናቴ ዐይኗ እየደከመ በመሄዱ፣ ወደ ጎንደር አምጥተናት ከእኛ ጋር እንድትኖር እኔና ባለቤቴ ተስማማን። ቤታችን ከሳሎኑ ሌላ ሦስት ክፍሎች አሉት። በአንደኛው እኔና ባለቤቴ፣ በሁለተኛው ልጆቻችን እንተኛለን። በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ግን አንዲት አሮጌ ጠረጴዛ፣ ጥቂት መጻሕፍትና ከወለሉ እስከ ጣሪያው የተደረደሩ የሸክላ ምስሎች ነበሩ። ባለቤቴም በሩ ላይ ቆማ ለጥቂት ጊዜ ከተመለከተች በኋላ፣ «መምህር፣ እማማ የሚተኙት ከአንበሶቹ በላይ ነው ወይስ በታች?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ምስሎቹን ታላቁ ልጄ ቢቆጥራቸው 312 ሆኑ፤ እኔ ከ200 አይበልጡም ባይ ነበርሁ። አብዛኞቹ ከእጅ መዳፍ የማይበልጡ ናቸው። አንበሶች አሉ፤ መጽሐፍ የያዙ ካህናት አሉ፤ ወፍጮ የምትፈጭ፣ እንስራ ያዘለች፣ ልጇን የታቀፈች ሴት አለች፤ የዳዊት ኮከብ የተቀረጸባቸው ክዳኖች አሉ። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ማክዳ በአንድ አልጋ ተኝተው የሚታዩበት ሥራም አለ፤ እርሱን ዲቁና የተቀበለ ሰው ቤት እንግዳ ሲመጣ ወደ ግድግዳው አዞረው ነበር።

እነዚህ ሁሉ የመጡት ከወለቃ ነው። ወለቃ ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኝ መንደር ናት። በዚያ ቤተ እስራኤል ይኖሩ ነበር፤ ሌላው ሕዝብ ፈላሻ ይላቸው ነበር እንጂ እነርሱ ይህን ስም አይወዱትም። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ድስቱ፣ ምጣዱና እንስራው ጥንታዊ ሥራቸው ሲሆን፣ ትንንሾቹ ምስሎች በአብዛኛው ለጎብኚ ሽያጭ የተስፋፉ የኋላ ዘመን ሥራዎች ናቸው። አሠራሩ ግን አንድ ነው። አፈሩ ጠጠሩ ተለቅሞ ይቦካል፤ ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ብቻ ይበጃል፤ በጥላ ይደርቅና በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ከዚያም በሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት እሳት ይጠበሳል። ጥቁር እንዲሆን የተፈለገው ገና እንደ ጋለ በጭድና በእብቅ ውስጥ ሲታፈን ጢሱ ገብቶ ያጠቁረዋል። እሳቱ የሜዳ እሳት ስለ ሆነ ሸክላው እንደ ፋብሪካ ሥራ አይጠነክርም፤ ውኃ ይጠጣል፣ በትንሽ ነገርም ይሰበራል።

አሁን የማልወደውን ነገር መጻፍ ግድ ሆነብኝ። የእነዚህ ሰዎች እጅ ያደረገውን ሁሉ አገሩ ይጠቀምበት ነበር፤ ማረሻው ከእነርሱ፣ ድስቱም ከእነርሱ ነበረ። ይህም ሆኖ ቡዳ ናቸው፣ በዐይናቸው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ይታሙ ነበር። ይህን ቤተ ክርስቲያን አላስተማረችንም፤ ነገር ግን እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ከእናቶቻችን ጡት ጋር ጠባነው።

በ1981 ዓ.ም. የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከፊደል ቤት ስመለስ በወለቃ በኩል አልፍ ነበር። አንዲት ሸክላ ሠሪ በመንገዱ ዳር ሥራዋን ዘርግታ ትቀመጥ ነበርና፣ ዘወትር ቆሜ እመለከት ነበር። አንድ ቀን እንስራ ያዘለች ሴት ምስል አነሣች፤ እሳቱ ወገቧ ላይ ሰንጥቋት ስለ ነበር የምትሸጥ አልነበረችም። በእጄ አልሰጠችኝም። የቤተ እስራኤል ሰዎች በአባቶቻቸው ሥርዓት ከሌላ ሰው ጋር ላለመነካካት ይጠነቀቁ ነበርና፣ በመካከላችን ባለው ድንጋይ ላይ አኑራልኝ እጇን መለሰች። እኔም እጇ ከራቀ በኋላ አነሣሁ። እርሷ ስለ ሥርዓቷ፣ እኔም ስለ ፍርሃቴ እንዲህ ተጠነቃቀቅን፤ ምስሉ ግን ከእርሷ ወደ እኔ ደረሰ።

እናቴ ባየችው ጊዜ ደነገጠች። ከእጄ ነጥቃ ከጓሮው አመድ ላይ ወረወረችውና፣ በስመ አብ እያለች ፊቴን በውኃ አጠበችኝ። ሲመሽ ሄጄ ፈለግሁት፤ ራሱ ተሰብሮ ጠፍቷል። አካሉን ከእንስራው ጋር አንሥቼ በዳዊት ማኅደሬ ውስጥ ደበቅሁ። በተከታዩ ዓመት ብዙዎቹ የወለቃ ሰዎች ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ግንቦት 16ና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ያቺም ሴት የተቀመጠችበት ቦታ ባዶ ሆነ። ስሟን አልጠየቅኋትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሸክላውን ሥራ በወለቃ የቀሩት ክርስቲያን ሴቶች ቀጠሉት። መምህር ሆኜ ደመወዝ መቀበል በጀመርሁ ጊዜ፣ እንስራ ያዘለችውን ሴት እንደገና ለማግኘት ብዬ አንድ ሁለት ገዛሁ። አንዱን ከአንዱ ሳወዳድር ሦስተኛ ፈለግሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መፈለጌን ትቼ መግዛቴን ብቻ ቀጠልሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚጀምር እንጂ መቼ መልኩን እንደሚለውጥ ሰው አያስተውለውም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ፣ ከዚያም በኋላ በጦርነቱ ምክንያት፣ ወደ ጎንደር የሚመጣው ጎብኚ ተመናመነ። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ሳይሸጡ ሲመለሱ እያየሁ፣ ርኅራኄም ይሁን ልማድ በማላውቀው ስሜት በአንድ ዓመት ብቻ ከ60 በላይ ገዛሁ። ብዙዎቹን ከጋዜጣቸው እንኳ አልፈታኋቸውም።

ክፍሉን ባዶ ለማድረግ በተነሣሁ ጊዜ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ መሸጥ ነበር። ለጎብኚ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ቤቴ መጥቶ አየና፣ ሁሉንም በአንድ ዋጋ እንደሚወስድ ነገረኝ። ዋጋው መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን፣ «እነዚህ ከ1983 በፊት የሄዱት ሰዎች ሥራ ናቸው ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ። የእነርሱ የሆነው የማውቀው አንድ ብቻ እንደ ሆነ ብነግረው ሳቀ። «ገዢው ምን ያውቃል?» አለ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ቀጥሎ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የተሣለ ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል ልማድ ስላልሆነ፣ «በቤቴ ይህን ያህል ምስል ማኖሬ ነውር ይሆንብኝ ይሆን?» አልኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ነውር ነው ቢሉኝ ነገሩ በቀለለልኝ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «የሚሰግድለት ስለሌለ ጣዖት አይደለም» ብለው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «አቧራቸውን በዓመት ስንት ጊዜ ትጠርጋለህ?» አሉኝ። «በየወሩ፣ አባ» አልኋቸው። «እናትህንስ በዓመት ስንት ጊዜ ትጠይቃቸዋለህ?» አሉ። ሁለት ጊዜ ነበር፤ ለፋሲካና ለመስቀል። እርሳቸውም ከዚህ በላይ አልተናገሩኝም።

ባለቤቴ የምታምሩትን አስቀርቼ ሌሎቹን እንድሰጥ መከረችኝ። ምክሯ መልካም ነበር፤ ሆኖም ለመምረጥ ስቀመጥ አንድ ነገር አሳፈረኝ። የገዛሁበትን ቀንና ዋጋ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፤ የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ እንደ መሆኔ እያንዳንዱ መስመር ተሞልቶአል። የሠሪዋ ስም ግን በአንድ ቦታ እንኳ አልተጻፈም። ሃያ ዓመት ያህል ስም እየጠራሁ ተማሪዎች ያስተማርሁ ሰው፣ ከአንድ መንደር 312 ሥራ ገዝቼ የአንዲት ሴት ስም አላውቅም ነበር። በልጅነቴ በወለቃ መንገድ ዳር ያልጠየቅሁትን፣ ጎልምሼም አልጠየቅሁም።

ስለዚህ በጥቅምት ሁለት ቅዳሜዎች ምስሎቹን በካርቶን እየጫንሁ ወደ ወለቃ ወሰድኋቸው። በመጀመሪያ ሴቶቹ ዋጋ ልመልስ የመጣሁ መስሏቸው ፊታቸውን አጠቆሩብኝ፤ ምክንያቴን ስነግራቸው ግን ተሰበሰቡ። ለእኔ አንድ ዓይነት የሚመስሉኝን አንበሶች እነርሱ በጎፈሬያቸው አጫጫር ይለዩአቸው ነበር። «ይህ የእኅቴ ነው፤ ጆሮውን የምታሾለው እርሷ ብቻ ናት» ትላለች አንዷ፤ ሌላይቱ ደግሞ ገልብጣ ታየውና፣ «ይህማ የእኔ ነው፤ ያን ጊዜ እጄን ታምሜ ነበር» ትላለች። አንዲት ሽማግሌ ሴት በሞት የተለየች ልጇን ሥራ አገኙ። ያን ምስል ተመልሼ አልወሰድሁትም። በሁለቱ ቀናት 118ቱ ስም አገኙ፤ እኔም በየታቹ በእርሳስ ጻፍሁ።

ከዚያ በኋላ መለየቱ እንደ ፈራሁት አልከበደኝም። ስም ካገኙት 90ዎቹን ለምናስተምርበት ትምህርት ቤት ሰጠሁ፤ ልጆቹ ወፍጮ፣ ማረሻና እንስራ ምን እንደ ነበሩ በቃል ብቻ ሲማሩ ኖረዋልና፣ አሁን ከሠሪዎቻቸው ስም ጋር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያዩአቸዋል። ሠሪያቸው ያልታወቀውን አብዛኛውን ክፍል ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለተማሪዎቼ አደልሁ፤ ለአንዳንዱ ሰው ስሰጠው ዐይኑ ውስጥ ያን የጥንት ፍርሃት አየሁና ዝም ብዬ መልሼ ያዝሁ። እንዲህ ያለ ሸክላ በቤቱ ያለው ሰው ካለ ይህን ልጨምርለት፤ በውኃ አይጠብ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረገው፤ ሲያጓጉዘውም በጋዜጣ ብቻ ሳይሆን በጭድ መካከል ያኑረው። እኔ በጋዜጣ ብቻ ጠቅልዬ በመንገድ ሰባቱን ሰብሬአለሁ። ሰሎሞንና ማክዳን ማን እንደ ወሰዳቸው አልናገርም።

በመጨረሻም በአንዲት ጠባብ መደርደሪያ ላይ 20 ያህል ቀሩ፤ ራስ የሌላትም ከእነርሱ ጋር ቆመች። እናቴ በኅዳር መጀመሪያ ገባች። ከሁሉ በፊት ያስጨነቀኝ እነዚህን በአልጋዋ አጠገብ ስታገኝ የምትለው ነገር ነበር። ባለቤቴ መደርደሪያውን ወደ ሳሎን እናውጣው ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ተዪው አልኋት፤ ለምን እንዳልሁ እስካሁን በትክክል አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ክፍሏ ስገባ፣ እናቴ በመደርደሪያው ፊት ቆማ እየዳሰሰች አገኘኋት። ራስ የሌላትን አንሥታ አንገቷን በአውራ ጣቷ አሸችው።

«ይህች ራስ የላትም» አለች።

«የላትም፣ እማዬ።»

«አመዱ ላይ የጣልኋት ናት?»

«ናት» አልኋት።

አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ ያቺን ሴት በስሟ ጠራቻት። ስሟን የማውቀው እኔ ብቻ አለመሆኔን ሳይሆን፣ የማላውቀው እኔ ብቻ እንደ ሆንሁ ያን ጊዜ ገባኝ። «ውኃ የምንቀዳበት እንስራ እኮ የእርሷ ሥራ ነበር» አለች እናቴ። «ግማሹን ዋጋ ከፍዬ፣ የቀረውን ለመስቀል እሰጥሻለሁ ብያት ነበር። አልሰጠኋትም። አንተ ያን ይዘህ ስትመጣ፣ ዕዳዬን ልትቀበል በልጄ የላከችብኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አልሄድሁም፤ በሌላ በኩል እዞር ነበር። ሄዱ ሲባልም ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ምስሏን ገልብጬ ስሟን በእርሳስ ጻፍሁ። በዚህ መጽሔት አላወጣውም፤ ልጆቿ በእስራኤል አገር ይኖሩ ይሆናልና፣ ሳይፈቅዱልኝ ስሟን በማተም ሁለተኛ ዕዳ አልገባም። እናቴ ግን ምስሏን ከመደርደሪያው አንሥቼ በራስጌዋ ባለው መስኮት ላይ እንዳደርግላት ጠየቀችኝ፤ አደረግሁላት።