7000 የሚለው ቁጥር



ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን የአንድ ፋብሪካ የእንፋሎት ቱቦ መስመር ደረሰን። ቱቦው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚፈጠርበትን ስትረስ በሶፍትዌር አስልተን ከተፈቀደው በታች መሆኑን ማሳየት ነበረብን። ውጤቱ ከተፈቀደው 92 በመቶ ሆነ። አልሐምዱሊላህ ብለን ሪፖርቱን መጻፍ ጀመርን።

መስመሩን በዓይናችን ለማየት ስንሄድ ግን የቦይለር ክፍሉ አባት፣ «ልጆቼ፣ ይህ ቱቦ በየፈረቃው እንፋሎት ይገባበታል፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውኃ። በቀን ሦስቴ» አሉን። እርስ በርስ ተያየን። ከሌላ ሥራ በገለበጥነው ፋይል ላይ የዙሩ ቁጥር 7000 ተብሎ ተሞልቶ ነበር። አንዳችንም አልነካነውም።

ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚበጠስ ሁሉ ቱቦም ይደክማል። ማርክል የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የቱቦ ክርኖችንና መገጣጠሚያዎችን እስኪያፈሱ ድረስ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ ይህንን ፈትሿል። ቢ31.3 የተባለው ኮድ ስሌትም በዚያ ሥራ ላይ የቆመ ነው። 7000 ዙር በቀን አንዴ ቢቆጠር 19 ዓመት ገደማ ይሆናል። የእኛ ቱቦ ግን በቀን ሦስቴ፣ ለ20 ዓመት፣ 21,900 ዙር አለበት። በተማርንበት እትም ቀመር የተፈቀደው ስትረስ በ0.81 ይባዛል። 92 የነበረው 113 በመቶ ሆነ፤ መስመሩ ወደቀ።

ማስረከቢያው አራት ቀን ቀርቶታል። አንዳችን፣ «ማቀዝቀዙን እንደ ግማሽ ዙር እንቁጠረውና ይለፍ» አለ። ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም፤ በዚያው በተማርንበት እትም የስትረስ ልዩነቱ ግማሽ የሆነ ዙር በአምስተኛ ኃይል ስለሚሰላ 32ቱ ተደምረው እንደ አንድ ሙሉ ዙር ይቆጠራሉ። ነገር ግን አባት የነገሩን ቱቦው ሙሉ በሙሉ እንደሚቀዘቅዝ ነው። ሶፍትዌሩ የሰጡትን ይቀበላል፤ ዋሻችሁ አይልም። መምህራችንም ያንን አንድ ቁጥር ላያዩት ይችላሉ።

ዐስርን በጀማዓ ሰግደን ስንወጣ የሚከራከር አልነበረም። ከቱቦው ሥር ቆመው የሚውሉት እኚያ አባት ናቸው። ቁጥሩ አማና ነው።

መስመሩ ላይ የመስፋፊያ ጥምዝ ጨምረን እንደገና አሰላን፤ 84 በመቶ ወጣ። ሁለት ቀን ዘግይተን አስረከብን፤ ነጥብም ተቀነሰብን።

ይህን የምንጽፈው በቀጣዩ ዓመት ተመሳሳይ ሥራ ለምትይዙ ነው። የተሞላ ቁጥር ስታገኙ ማን እንደሞላው ጠይቁ፤ ቱቦው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀዘቅዝም አብሮት የሚውለውን ሰው ጠይቁ። ትንሽ መስሎን በየቀኑ የምንደጋግመውም እንዲሁ ይቆጠራል፤ ሙሐሰባችንን ከዚያ እንጀምር። አላህ በሥራችን ኢኽላስን ይስጠን። አሚን።