ጫጩቶች ከማሞቂያ ከወጡ በኋላ

በየሰፈራችን በግቢ ጥግ ዶሮ የሚያረባ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ብዙዎቻችን የምንገዛው የአንድ ቀን ጫጩት ሳይሆን አርባ አምስት ቀን የሞላትን፣ ላባ የለበሰችውንና ከማሞቂያ የወጣችውን ነው። ከዚያም «ከእንግዲህ ክፉ ቀኗ አልፏል» ብለን ፍርፋሪ መበተን እንጀምራለን። ዳሩ ግን ጫጩቷ ሌላ ፈተና የሚጠብቃት ያን ጊዜ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ሦስት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። ባለፈው ክረምት ዕቁቧ ሲደርሳት ሃያ ጫጩቶች ገዛች። በገቡ በሳምንታቸው ሰባቱ ሞቱ። ሄጄ ስጠይቃት ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በደቀቀ የፋብሪካ መኖ ያደጉት ጫጩቶች በአንድ ጊዜ ወደ እንጀራ ፍርፋሪና ወደ በቆሎ ተዛውረዋል፤ የሚያድሩትም እርጥበት በገባበት ወለል ላይ ነው። «እኅቴ፣ ያዘንኩት ለብሩ ብቻ መስሎሽ? ለልጆቼ እንቁላል አበላችኋለሁ ብዬ ነበር» አለችኝ። አነጋገሯ ከልቤ አልወጣም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

እኔም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛና እናት ስሆን፣ ግቢዬ ውስጥ አሥር ቄቦች አሳድጋለሁ። ከሥራው እንደተረዳሁት የመጀመሪያው ቁም ነገር መኖን በአንድ ቀን አለመለወጥ ነው። ከሻጩ ቤት ስትበላው የነበረውን መኖ ጥቂት ኪሎ አብሮ መግዛትና አዲሱን በየቀኑ እየጨመሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ መተካት ይገባል። እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ ያስፈልጋታል። ከዚያ በኋላ እስከ እንቁላል መጣያዋ 15 ወይም 16 በመቶ ይበቃል።

ስምንት ሳምንት ላለፋት ቄብ መኖውን ቤት ማዘጋጀት ይቻላል። ለአሥር ኪሎ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ የተከካ በቆሎ 5 ኪሎ ተኩል፣ ፉርሽካ 1 ኪሎ ተኩል፣ የኑግ ፋጉሎ 1 ኪሎ ከ800 ግራም፣ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 900 ግራም፣ የአጥንት ዱቄት 250 ግራም፣ ጨው 50 ግራም። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ ከተሰጠ ሆድ ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ ያውካል። የሻገተ በቆሎም መርዝ ስላለበት ለዶሮም ቢሆን አይሰጥም። በዚህ ላይ ጎመን ወይም አልፋልፋ ከትፎ መጨመር፣ ከተገኘም ለዶሮ የተዘጋጀ ቫይታሚን መቀላቀል መልካም ነው።

አንዲት ቄብ ከስምንተኛው እስከ ሃያኛው ሳምንት ወደ ስድስት ኪሎ መኖ ትበላለች። ስለዚህ አሥር ከመግዛታችሁ በፊት የስድሳ ኪሎ መኖ ዋጋ ከደመወዛችሁ ጋር አስሉ። አሥር እያስራቡ ከማኖር አምስት አጥግቦ ማሳደግ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ መኝታ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ አለው። ስለዚህ ቤቱ ነፋስ በቀጥታ የማይመታው፣ ነገር ግን ከላይ አየር የሚያስገባ ይሁን። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ አንጥፉ፤ የረጠበውን ቶሎ ቀይሩ። በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው በሽታ ይራባል። ምልክቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው፤ ሲታይ ሳይውሉ ሳያድሩ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ፈንግል ግን መድኃኒት የለውም፤ ዋነኛ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ስትገዙ የትኛው ክትባት መቼ እንደተሰጠ ጠይቁ፤ ተከታዩንም አታሳልፉ። በውኃ የሚሰጥ ሲሆን የቧንቧው ክሎሪን ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ውኃውን እንዴት እንደምታዘጋጁ ባለሙያውን ጠይቁ። ለበዓል ከገበያ የመጣ ዶሮም ከነዚህ ጋር አይቀላቀል፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ከገበያ ይመጣልና።

ይህ ሁሉ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ከቢሮና ከምጣድ በኋላ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። በእኔ ቤት ጠዋት ውኃ የሚቀይረው ባለቤቴ ነው፤ ማታ ቆጥረው የሚዘጉት ልጆቹ ናቸው። እናንተም ሥራውን ከጫጩቶቹ መምጣት በፊት ተከፋፈሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት እንዳላገኙ አሳይቷል። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ጥሩ ፕሮቲን አለው። ቄቧ በአምስተኛው ወር ገደማ መጣል ስትጀምር እንቁላሉ ሁሉ ወደ ሱቅ አይሂድ፤ መጀመሪያ ከልጆቻችሁ ሳህን ይድረስ፣ የተረፈው ይሸጥ። ጎረቤቴም የተረፉትን አሥራ ሦስቱን በዚህ መንገድ ይዛ ቀጥላለች።