መለዋወጫ ከየት እንግዛ?

በጎንደር ከተማ ጧት ከቤቱ የሚወጣ ሰው ሁሉ የማያውቀውን መኪና ፍሬን አምኖ ይወጣል። እናት ልጇን ለባጃጅ ሾፌር አስረክባ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሠራተኛው ከማራኪ ወይም ከአዘዞ በሚኒባስ ተሳፍሮ መሥሪያ ቤቱ ይደርሳል። ለገበያ የመጣችው የወገራ ሴት የሸመተችውን ይዛ ማታ በአውቶቡስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ትመለሳለች። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የተሳፈረበት መኪና የፍሬን ሸራ መቼ እንደ ተለወጠና ከየት እንደ ተገዛ የሚያውቅ እምብዛም አይገኝም። የመለዋወጫ ነገር ሲነሣም የወንዶችና የጋራዥ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ ስለማምን በዛሬው ዓምዳችን ላነሣው ወደድሁ።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባትን በእጅጉ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ግድ ሆነ፤ የመኪና ዕድሜ በረዘመ ቁጥርም የሚለወጥለት ዕቃ ይበዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው አብሮ ወጣ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ሳቢያ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜም፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ ይዘገያል። ዕቃ ሲወደድና ሲጠፋ ደግሞ አስመስሎ የሚሠራው ሰው ገበያው ይደራለታል።

የአገራችን መንገድ ለአስመሳይ ዕቃ ምሕረት የለውም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ዳገትና ቁልቁለት እየተፈራረቀበት ይሄዳል። ከደባርቅ አልፎ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራውን የሊማሊሞን ጥምዝምዝማ ያላየ ሰው ቢኖር እንኳ ስሙን ያልሰማ የለም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ደህና ሸራ ይህን ሙቀት ይችለዋል፤ መጥፎው ግን ይነዳል፣ ይሰነጠቃል፣ መያዝም ያቅተዋል። በሜዳ ላይ ሁለቱ ሸራዎች አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ የሚለያዩት ቁልቁለቱ ላይ፣ ሰው ተሳፍሮባቸው ነው።

ይህን በዐይኔ ያየሁት ለሥራ ዳባት ሄጄ በሚኒባስ ስመለስ ነው። ኮሶዬን አልፈን ወደ ጎንደር ማዘቅዘቅ ስንጀምር የተቃጠለ ነገር ይሸት ጀመር። አጠገቤ ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት ነበረች፤ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት ሾፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥ አየሁት፤ ከዚያም ማርሹን ወደ ዝቅተኛው እያወረደ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳበና ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር አስጠግቶ አቆመው። ከኋላ እግሩ ጢስ ይወጣ ነበር። ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ወረድን። ሾፌሩ ብልህ ባይሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ በሌላ ዓምድ፣ በሌላ ሰው እጅ በተጻፈ ነበር።

ሲፈታ የፍሬኑ ሸራ ከብረቱ ተላቆ ተገኘ። ሾፌሩ እንደ ነገረን የተለወጠ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ከየት እንደ ተገዛ ስጠይቀው ሳይደብቅ አስረዳኝ። ባለቤቱ በየቀኑ የሚረከበው ገቢ የተወሰነ ነው፤ ትንንሽ ጥገና ግን በሾፌሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ርካሹን ይፈልጋል። መካኒኩ ደግሞ ወደሚያውቀው ሱቅ ይልከዋል፤ ከዚያም ትንሽ ኮሚሽን ያገኛል። ባለቤቱ ዕቃውን አያይም፤ ተሳፋሪው ከቶም አያውቅም። እንግዲህ ነገሩን ልብ ብለን ብንመለከተው፣ ዕቃውን የሚመርጠው አንድ ሰው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው፣ ነፍሱን አስይዞ የሚሳፈረው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። መለዋወጫ ከየት እንግዛ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እነዚህ ሦስቱ ሲቀራረቡ ነው።

ከዚህ በኋላ አንዲት ጎረቤቴ የባጃጇን ሸራ ልትገዛ ስትወጣ አብሬያት ሄድሁ። ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች የምታሳድገው፣ በእቁብ ብርና ከዘመድ በተበደረችው ገንዘብ በገዛቻት አንዲት ባጃጅ ነው። በገባንበት የመጀመሪያ ሱቅ ወጣቱ ሻጭ ሦስት ፓኮ ከፊቷ ደረደረላትና «እትዬ፣ የቱን ልስጥዎት?» አላት። ልዩነታቸውን ብትጠይቀው «ዋጋቸው ነዋ!» ብሎ ሳቀ። በሁለተኛው ሱቅ ያገኘናቸው በዕድሜ የገፉ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድመው «አሮጌውን ይዘሻል፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቋት። አሮጌውን ሸራ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ለኩ፤ ቁጥሩን አነበቡ፤ የዕቃውን ስምና ዓይነት ደረሰኙ ላይ ጻፉ፤ «ካልገጠመ ሳይቆሽሽ መልሺው» አሉ። ከመጀመሪያው ሱቅ ዋጋው ከፍ ያለ ነበር። ጎረቤቴ ለጊዜው ብታመነታም ከፍላ ወጣች። እኔም ሱቅ የሚታወቀው ሻጩ በሚጠይቀው ጥያቄ መሆኑን ከዚያ ተማርሁ።

ብዙዎቹ እህቶቻችን በመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ የሚፈሩት አንድ ነገር ቋንቋውን ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ ሲባል አንዳች ምሥጢር ይመስላል። እነዚህ ሁሉ ጣሊያን መንገድና ካሚዮን ይዞ ሲመጣ ትቶልን የሄዳቸው ቃላት ናቸው። የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እዚሁ ጎንደር ላይ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ቃላቱ ግን በጋራዥ ቀሩ። ካምቢዮ ማርሹ የሚለዋወጥበት ክፍል፣ ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል የሚያገናኝና የሚያላቅቅ፣ ካንዴላ እሳት የሚሰጥ፣ ኩሽኔታ የሚሽከረከረውን ክፍል ተሸክሞ የሚያዞር፣ ባሌስትራ ሸክም የሚችል የብረት ንጣፍ፣ ሞተሪኖ ሞተር የሚያስነሣ ነው። ስም ማወቅ ግማሽ መደራደር ነው። ስሙን ያላወቀች ደግሞ አሮጌውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ብትሄድ ከስሙ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ምክር ልምጣ። መለዋወጫን ሁሉ በአንድ ዐይን ማየት አይገባም። «ይህ ዕቃ በድንገት ቢበላሽ ምን ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሞተሪኖ ቢበላሽ መኪናው አይነሣም፤ የበር እጀታ ቢሰበር በገመድ ይታሰራል፤ ዲናሞ ቢደክም ባትሪ ያልቃል። እነዚህ ቢያስቸግሩም አይገድሉም። ስለዚህ ካገለገለ መኪና የተፈታ የፋብሪካው ዕቃ፣ አስመስሎ ከተሠራ አዲስ ዕቃ ሊሻል ይችላል። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ የመሪ ማያያዣና ጎማ ግን የሰው ሕይወት ያዛሉ። እነዚህን ያገለገለ መግዛት፣ ከመንገድ ዳር መግዛት፣ ያለ ደረሰኝ መግዛት በፍጹም አይገባም። ከተቻለ ከአምራቹ ወኪል፣ ወይም ከወኪሉ ከሚያመጣ፣ ስሙና አድራሻው ከታወቀ ነጋዴ ይገዛ። ለምሳሌ የቶዮታ ዕቃ የሚፈልግ ሰው፣ ለረጅም ዘመን ወኪል ሆኖ የሠራው ሞኤንኮ ለመኪናው የሚስማማው የዕቃ ቁጥር የትኛው እንደ ሆነ በሻንሲው ቁጥር አጣርቶ እዚህ ካለው ነጋዴ ጋር ሊያመሳክር ይችላል።

ያገለገለ ዕቃ ሲነሣ በአዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ ያለው ሶማሌ ተራ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከዚያ ብዙ ሰው ደህና ዕቃ ገዝቶ ወጥቷል። ሆኖም የመኪና ባለቤቶች ስፖኪዮአቸውና መብራታቸው ላይ የታርጋ ቁጥራቸውን ሲያስቀርጹ የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማታ ተፈትቶ የተወሰደ ዕቃ ጧት ለገበያ እንደሚቀርብ ስለሚያውቁ ነው። ምንጩ የማይነገር ዕቃ ዋጋው ከልክ በላይ ሲረክስ ሌላ ቤት የተለቀሰበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው ነገ የራሱን ስፖኪዮ ለማስፈታት ዛሬ ዋጋ ከፈለ ማለት ነው።

ዕቃውን ለመመርመር መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ፓኮው ላይ ያለው ጽሕፈት የደበዘዘ ወይም ፊደሉ የተሳሳተ ከሆነ ይተው። የዕቃው ቁጥር ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ሸራ ሲለወጥ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ይለወጥ፤ አንዱ ብቻ ቢለወጥ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ የተከፈተ ጣሳ አይገዛ፤ ውኃ የገባበት ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ጎማ ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለው፤ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አዲስ የተባለ ጎማ በመጋዘን ስንት ዓመት እንደ ተቀመጠ ከዚህ ይታወቃል። የባትሪም የተሠራበት ቀን ይጠየቅ፤ ሳይሞላ ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ባትሪ ኃይሉን ያጣል። በውጭ አገር ከደረቀ ሣርና ከመጋዝ ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ የፍሬን ሸራ እንደ ተያዘ ተዘግቧል፤ ስለዚህ ፓኮው ማማሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

ደረሰኝ መቀበል ሻጩን መጠራጠር ሊመስል አይገባም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን በምን ይከራከራል?

ለመካኒክ ሚስቶችና እናቶችም አንድ ቃል አለኝ። በአንዳንድ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የተባለ፣ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ቃጫ መሰል ማዕድን አለ። ብናኙ በአፍ ወይም በአየር መንፊያ ሳይነፋ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የጋራዥ ልብስም ከልጆች ልብስ ተለይቶ ይታጠብ፤ ቤት ውስጥ አይራገፍ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። መኪና መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ የሚገዛ ዕቃ የተገኘው እንጂ የተመረጠ አይሆንም። ስለዚህ መኪና ወይም ባጃጅ ያለሽ እህቴ ሆይ፣ የፍሬኑንና የጎማውን ወጪ ከሾፌርሽ ላይ አንሥተሽ ራስሽ ቻይው፤ ሲገዛም ተገኚ፤ የተገዛበትን ቀንና ሱቅ በደብተር ጽፈሽ ደረሰኙን በመካከሉ አኑሪ። መኪና የሌለሽ ደግሞ ልጅሽን በየጧቱ የምታሳፍሪበትን ባጃጅ ሾፌር ፍሬኑን መቼ እንደ ለወጠ ጠይቂው። ጥያቄው ለጊዜው ቢያስቀው እንኳ፣ የሚቀጥለውን ሸራ ሲገዛ በየወላጁ እንደሚጠየቅ ያስታውሳል።