ማስታወሻ ደብተር ለእጩ መምህር ምኑ ነው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ያልሰማ በመካከላችን አይገኝም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ደብተር የምንገልጠው አሠልጣኝ የተናገረውን ገልብጠን ለፈተና ለመሸምደድ ብቻ ነው። ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ሌላ ዓይነት ደብተር ነው፤ ማንም የማያርመው፣ ነጥብ የማይሰጥበት፣ በዕለቱ ያየነውንና የሰማነውን ለራሳችን የምናሰፍርበት የግል ማስታወሻ።

በማስተማር ልምምድ ወቅት አንድ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ የተመደብነው አራት ሰልጣኞች ነበርን። አንዳችን ሲያስተምር ሦስታችን ከኋላ ተቀምጠን እንመለከታለን። ማታ በማደሪያችን ስለ ውሏችን እናወራለን። ወሬው ደስ ይላል፤ ግን ምን ዋጋ አለው? በሳምንቱ «ያ ልጅ ምን ነበር ያለው?» ስንባባል ከአራታችን አራት ዓይነት መልስ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛንና ከክፍል እንደወጣን፣ ሻይ እንኳ ሳንጠጣ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል መጻፍ ጀመርን።

«ማታ ተረጋግቶ መጻፍ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደ ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለክቷል። ያገኘውም መርሳት በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ እጅግ እንደሚፈጥንና ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ ነው። እርግጥ የክፍል ውሎ ትርጉም የሌለው ቃል አይደለም። ቢሆንም የልጅን ንግግር እንዳለ ለመያዝ የፈለገ ሰው እስከ ማታ መቆየት የለበትም።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ከደብተሮቻችን በአንዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ልጅ ‹መቶ አምስት› ጻፍ ሲባል 1005 ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሳቀ።» ከሦስት ቀን በኋላ በሌላው ደብተር፦ «አንዲት ልጅ ሁለት መቶ ሠላሳን 20030 ብላ ጻፈች።» በተከታዩ ሳምንት ያው የመጀመሪያው ልጅ መቶ ሃያን 10020 አድርጎታል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ግድየለሽነት ይመስላል፤ እንዲያውም ልጁ በክፍሉ «ሰነፍ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ደብተሮቹን ጎን ለጎን ዘርግተን ስናነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ የጻፉት የሰሙትን ነው እኮ! መቶ ሲባል 100፣ አምስት ሲባል 5፤ ሲገጣጠም 1005። የጎደላቸው ትጋት ሳይሆን የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤትና የመቶ ቤት ትርጉም ነበር።

ከዚህ በኋላ ከካርቶን 100 የተጻፈበት ረጅም ካርድና 5 የተጻፈበት አጭር ካርድ ቆርጠን አዘጋጀን። አጭሩን በረጅሙ የመጨረሻ ዜሮ ላይ ስናስቀምጠው 105 ሆነ። ልጁ አጭሩን ካርድ አነሣ፣ መለሰ፣ ደግሞ አነሣና «ለካ ዜሮው ከሥሩ ተደብቆ ነው!» አለ። ይህንንም ጽፈነዋል። «ሰነፍ» የሚለው ስም ተጣብቆበት ቢቀር ኖሮ ልጁ ምን ይሆን ነበር? ይኸ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሞባይል እያለ ምን ያደክማችኋል? ሰሌዳውን ፎቶ ማንሣት ነው» ይሉናል። ፎቶ አንጠላም። ነገር ግን ፎቶ 1005ን ያሳየናል እንጂ ልጁ ምን ብሎ እንዳሰበ አይነግረንም። ለመጻፍ ደግሞ የትኛው ነገር እንደሚበልጥ መምረጥ፣ ለመምረጥም ማሰብ ግድ ነው።

ምን እንጻፍ? ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1887 በታተመው የሕይወት ታሪኩ እንደገለጸው፣ ከሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ነገር ሲያጋጥመው ወዲያውኑ ይጽፈው ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ከሚስማማው ይልቅ ቶሎ እንደሚረሳ ተረድቷልና። ለእኛም «ትምህርቱ ጥሩ ነበር» ብሎ መጻፍ አይረባንም። ያልጠበቅነውን መልስ፣ ግራ የተጋባውን ልጅ፣ ያስደነገጠንን ጥያቄ እንጻፍ። ቀኑ፣ ክፍሉና የትምህርቱ ርዕስ ይኑር፤ የልጁ ቃል ሳይታረም ይስፈር። የልጁ ስም ግን አይጻፍ! ደብተር ወድቆ ሌላ እጅ ሊገባ ይችላል፤ ልጅ የማንም መሳቂያ መሆን የለበትም።

ጓደኞቻችን ሆይ! ተመርቀን ስንወጣ እንበታተናለን። ከመካከላችን ቤተ መጻሕፍት ወደሌለበት፣ አሠልጣኝም አብሮ ተመልካች ጓደኛም ወደማይገኝበት ትምህርት ቤት የሚሄድ ይኖራል። ያኔ በ60 ልጆች ፊት ብቻችንን ስንቆም የምናማክረው ሰው ብናጣ እንኳ የምናገላብጠው ደብተር እንዳናጣ ከወዲሁ እንልመድ። እስቲ ነገ ከክፍል ስትወጡ አሥር ደቂቃ ስጡት፤ ሻዩ ይደርሳል።